ብረቱ የት ያድራል? ጠመንጃን በቤት ውስጥ ያለ አደጋ መያዝና ማስቀመጥ

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የሌለው ሰው ቢገኝ ጠመንጃ ያለው አጎት አያጣም። ከአያት የወረደ ምንሽር፣ በሬ ተሸጦ የተገዛ ክላሽ፣ አባወራው ከራስጌው የማያርቀው ሽጉጥ። ብረት ክብር ነው፤ ንብረትም ነው፤ ውርስም ነው። ስለ ክብሩ ብዙ ተፎክሯል፣ ብዙ ተሸልሏል። ስለ አቀማመጡ ግን የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ልጅ ከአባቱ መተኮስ ይማራል። ጥይት ማውጣትን ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። በፈቃድ የያዛችሁትን መሣሪያ ልጆች በሚተኙበት ጣሪያ ሥር እንዴት ትይዙታላችሁ? የትስ ያድራል? መንገዳችን ላይ ከአንዳንድ ልማዶቻችን ጋር መጣላታችን አይቀርም። አትቀየሙኝ።

“ባዶ ነው” የሚለውን አትመኑ

ቤት ውስጥ የደረሰ የጥይት አደጋ ሲወራ አንድ ቃል አይጠፋም፤ “ባዶ መስሎኝ”። ወንድም ወንድሙን፣ ባል ሚስቱን፣ ጓደኛ ጓደኛውን። ከዚያ “የሰይጣን ሥራ ነው” ይባላል። ጥይቷን ያጎረሳት ግን ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ማንኛውንም ጠመንጃ ስታነሱ ጎርሷል ብላችሁ አንሱት። አሁን ያስቀመጣችሁት ራሳችሁ ብትሆኑም፣ የሰጣችሁ ሰው ምሎ ቢነግራችሁም ለውጥ የለውም። አፈሙዙ ልትመቱት ወደማትፈልጉት ነገር በጭራሽ አይዙር። ጣታችሁ ልትተኩሱ እስካልቆረጣችሁ ድረስ ከምላጩ ውጪ፣ በጠመንጃው ጎን ላይ ተዘርግታ ትቀመጥ። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ።

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይንቃታል። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ ወደ 715 ሜትር ይበራል። የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም፤ ቆርቆሮማ ከነመኖሩም አይቆጥረውም። እስከ 1500 ሜትር ድረስ ሰው የመግደል ኃይል አለው። ማታ ጅብ ላይ የተተኮሰ ጥይት ጅቡን ቢስት ከማዶ ያለው ጎረቤት ቤት ድረስ መንገዱን ያውቀዋል።

አሁን ስለ አያያዛችን። እኛ ጋ ወንዱ ጠመንጃውን እንደ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ ጥሎ መሄድ ይወዳል። ያምርበታልም። ግን በገበያ ቀን ከኋላው የሚመጡትን ሰዎች አስቡ። ሰውየው ሰላም ለማለት ዞር ባለ ቁጥር አፈሙዙ የአህያ ነጂውን ፊት፣ ጌሾ የተሸከመችውን ሴት፣ ጀርባዋ ላይ ያንቀላፋውን ሕፃን ጠርጎ ያልፋል። ሌላው ደግሞ ቆሞ ሲያወራ ሰደፉን መሬት ላይ አቁሞ አፈሙዙን ብብቱ ውስጥ ይወትፋል፣ ወይም አገጩን ያስደግፍበታል። ማንገቻ ለምን ተሠራ? አንግቱት፤ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይሁን። ወንዝ ስትሻገሩ፣ አጥር ስትዘሉ፣ በቅሎ ላይ ስትወጡ፣ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ስትሳፈሩ ደግሞ ቀድማችሁ ጥይቱን አውጡ።

ለሰው ስትሰጡም እንዲሁ ነው። በሰደፉ በኩል ማቀበል ጨዋነት ይመስላል፤ ግን አፈሙዙ የሚያየው የሰጪውን ሆድ ነው። ከፍታችሁ፣ ባዶነቱን አሳይታችሁ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስጡ። ተቀባዩም ራሱ ይይ። ታላቅ ወንድም ሆነ አበልጅ፣ “ክፈትና አሳየኝ” ማለት ንቀት አይደለም።

ጥይት ማውጣት፤ ጉዱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ሰው በማያልፍበት የግቢ ጥግ፣ ለስላሳ የአፈር ቁልል ፊት ለፊት። የድንጋይ ካብ አይሆንም፤ ጥይት ከድንጋይ ላይ ነጥሮ ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳል። ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡ። ስልካችሁን አስቀምጡ። ከዚያ ለክላሽ እንዲህ ነው፦

1. አፈሙዙን ወደ አፈሩ አድርጉ። ጣት ከምላጩ ውጪ።

2. ካዝናውን አውልቁ። ከካዝናው በስተኋላ ያለችውን መልቀቂያ ወደፊት ገፍታችሁ ካዝናውን ወደፊት ስታዘነብሉት ይወጣል። ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

3. በቀኝ በኩል ያለውን ረጅሙን ሴፍቲ እስከ ታች አውርዱ። ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ መሀል ላይ በተከታታይ ይተኩሳል፣ ታች ላይ አንድ በአንድ። እላይ እንዳለ እጀታው እስከ መጨረሻ አይሳብም።

4. እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ሳቡ። የጎረሰ ጥይት ካለ ተፈናጥሮ ይወጣል። በእጅ ለመያዝ አትሞክሩ፤ መሬት ይውደቅ፣ ኋላ ይለቀማል።

5. እጀታውን አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ካዝናው የነበረበትን ቀዳዳ፣ ከዚያም ጥይት የሚገባበትን ጉሮሮ። ከጨለመ በትንሿ ጣት ዳብሱት። ሁለተኛ ሰው አብሯችሁ ካለ እሱም ይይ።

6. እጀታውን ልቀቁ። አፈሙዙ አሁንም አፈሩን እያየ ምላጩን አንዴ ሳቡ። ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ሴፍቲውን ወደ ላይ መልሱ።

አሁን ሁለተኛውንና አራተኛውን ቦታ የለዋወጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው እዩ። ተቻኩሎ መጀመሪያ እጀታውን ይስባል። አንድ ጥይት ይወጣል። ደስ ይለዋል። እጀታው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት ይዞ ገብቷል። ከዚያ ካዝናውን ያወልቃል። በአንድ እጁ ካዝና፣ በሌላው የወጣችውን ጥይት ይዟል፤ ዓይኑ ያየው ነገር ሁሉ “ባዶ ነው” ይለዋል። ጠመንጃው ግን ጎርሷል። ቤት ገብቶ ለመፈተሽ ምላጩን ሲስብ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ሽጉጥም ያው ነው። የማካሮቭ ካዝና ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ካዝናው ወጣ ማለት ግን ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ውስጥ የቀረችው አንዲት ጥይት ያለ ካዝናም ትተኮሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝና፣ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደኋላ መሳብ፣ ከዚያ ማየት። ሴፍቲን ብቻ አትመኑ። ማካሮቭ ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል፤ ወደ ታች ሲሆን የሚቆለፍ ሽጉጥም አለ። የሰው ሽጉጥ ስታነሱ የእናንተን ልማድ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሲሞኖቭ የሚባለው ጠመንጃ አሥር ጥይት ይጎርሳል፣ ካዝናው ደግሞ እንደ ክላሹ አይወልቅም። ከሆዱ ሥር ያለው ክዳን ሲከፈት ጥይቱ ይዘረገፋል፤ ከዚያ እጀታውን ስባችሁ የጎረሰችውን ታወጣላችሁ። አንድ ጠባይ አለው። የመምቻው መርፌ በብዙዎቹ ላይ ሞላ የለውም። ወፍራም ግራሶ ወይም ቆሻሻ ካጣበቀው፣ ገና ስታቀባብሉት ምላጭ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። እሱን መወልወል ለውበት አይደለም።

እንደ ምንሽርና ቤልጅግ ያሉት የድሮዎቹ በአንጻሩ ቀላል ናቸው። መዝጊያውን ከፍታችሁ ጥይቱን አውጡ፣ ውስጡን እዩ፣ በመጨረሻም መዝጊያውን ጨርሶ መዝዛችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ውጅግራ፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ዕድሜውን አክብራችሁ ግድግዳ ላይ ተዉት። መዝጊያው የሚወዛወዝ ወይም በርሜሉ የተበላ ጠመንጃ አይተኮስም። “ይገባል” ተብሎ የሌላ ጠመንጃ ጥይት ማጉረስማ ፊትን አደጋ ላይ መጣል ነው።

የት ይደር?

የብረታችን ማደሪያ የታወቀ ነው። ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፍራሽ ሥር፣ ትራስ ሥር፣ ቆጡ ላይ፣ አንዳንዴም ጎታ ውስጥ እህል ተደፍቶበት። ልጆች አያውቁትም ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። የተደበቀ ስኳር ያለበትን የሚያውቅ ልጅ የተደበቀ ሽጉጥ ያለበትንም ያውቃል። መደበቅና መቆለፍ ለየቅል ናቸው።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ይቆለፋል። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ይቆለፋል። ቁልፎቹ ከባለቤቱ ወገብ ወይም አንገት አይለዩም። ምስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ እንደሌለ ይቆጠራል።

አቅም ካለ የብረት ሳጥን አሠሩ። ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም በር የሚበይድ ሰው ይሠራዋል። ላሜራው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ማጠፊያው ከውጪ እንዳይፈታ ወደ ውስጥ ይሁን። ክላሽ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ረጃጅሞቹ የድሮ ጠመንጃዎች ግን ከ120 የሚያልፉ አሉና ሳትለኩ አታዙ። የጭቃ ግድግዳ ሳጥን አይዝም። ስለዚህ ከዋናው ምሰሶ ወይም ከወፍራም አግዳሚ እንጨት ጋር በቡሎን እሰሩት፣ ቡሎኑም የሚጠብቀው ከሳጥኑ ውስጥ ይሁን። ከመሬት በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፍ አድርጉት።

አቅም ከሌለ ሰንሰለትና ጥሩ ጓጉንቸር ይበቃል። ካዝናው በወለቀበት ቀዳዳ አስገብታችሁ፣ እጀታውን ወደኋላ ስባችሁ፣ ቀለህ በሚወጣበት በኩል አውጡትና ከምሰሶው ጋር ቆልፉት። እንዲህ የታሰረ ክላሽ ጥይት መጉረስ አይችልም፤ የሚወስደውም የለም። ከዚህም የሚረክስ መንገድ አለ። መዝጊያውን አውጥታችሁ ለብቻው ማስቀመጥ። መዝጊያ የሌለው ምንሽር ረጅም ቱቦ ነው። ከክላሽም የላይኛውን ክዳን አንስታችሁ ሞላውንና መዝጊያውን ማውጣት ይቻላል።

“ሌሊት ሌባ ቢመጣስ?” ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከብት ያለው ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥይት የሞላ ካዝና በአንድ ትንሽ ሳጥን፣ ባዶው ጠመንጃ በሌላ ተቆልፈው፣ ቁልፉ አንገታችሁ ላይ ካለ፣ ሁለቱን ማገናኘት ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ቀን ቀን በባዶው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳጥኑን መክፈት ተለማመዱ። ያቺ ጊዜ ደግሞ ጥቅም አላት። ከእንቅልፉ ባንኖ በጨለማ የሚተኩስ ሰው ፊት የሚቆመው ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። ለሽንት ወጥቶ የሚመለስ ልጅም በዚያው በር ነው የሚገባው። በሩ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ስም ጥሩ።

ልጆቹን አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። መሣሪያ የትም ቦታ ብታዩ አትንኩ፣ ከዚያ ራቁ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ጓደኛ “ና ላሳይህ” ቢልም መልሱ ያው ነው። ለእረኛ ልጅ ጠመንጃ አንግቶ ማሰማራት ወንድነት አያስተምረውም፤ ዝንጀሮን በወንጭፍ ማባረር ይቻላል።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የጎጃም ዝናብ ብረት አይምርም። የጮቄ ግርጌ ሰው ይህን ይበልጥ ያውቀዋል፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ዝገት መልክ ማበላሸት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ሴፍቲንና ምላጭንም ያጣብቃል።

ከመወልወላችሁ በፊት ጥይት አውጡ፤ ጥይቱም ከምትሠሩበት ክፍል ይውጣ። ቆሻሻውን በነጭ ጋዝ ማጠብ ይቻላል፤ ግን ደጅ ላይ፣ ከምድጃና ከኩራዝ ርቃችሁ። ነጭ ጋዝ ተኖ ያልቅና ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል። ስለዚህ አድርቁና ስስ ዘይት ቀቡ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከየትኛውም ገበያ አይጠፋም፣ ጥሩም ነው። የኑግ ዘይት፣ ቅቤና ጮማ አይሆኑም። ሰንበት ሲሉ ሙጫ ይሆናሉ።

ከተኮሳችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ወልውሉ። የድሮ ሶቪየት ሠራሽ ጥይት ብዙው ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፣ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ ሙቅ የሳሙና ውኃ በጨርቅ እያስገባችሁ እጠቡት፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት። በዚህ አንድ ነገር ብዙ በርሜል ይድናል።

ጠመንጃን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ሽጉጥን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ማክረም፣ ጥይትን በቆዳ ዝናር መተው፣ ሦስቱም እርጥበት ያቅፋሉ። ዝናር ላይ ከርሞ አረንጓዴ ያወጣ ጥይት አይተኮስም። ከጨው ዕቃ አጠገብም አታስቀምጡ። በጣም የተለመደው ስህተት ግን አፈሙዙ ውስጥ ጨርቅ መወተፍ ነው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ነው። እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ አንድ ቀን ተረስቶ ሲተኮስ ደግሞ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥይቱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አኑሩት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ ጣሉበት። የረጠበ ጥይት ምድጃ ዳር አይደርቅም! ዘይትም አትቀቡት፤ እየሰረገ ባሩዱን ያበላሻል። ምላጭ ስባችሁ ዝም ካለ አፈሙዙን ሳታዞሩ 30 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ድምፁ “ቡፍ” ብሎ ከሞተም አትድገሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።

ድግስ፣ ለቅሶና ኩርፊያ

ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ግን ሰማይ ቤት አይቀርም። አዘንብሎ የተተኮሰው በተለይ ኃይሉን ይዞ ሌላ ሰው ግቢ ይወርዳል። ከ1928 እስከ 1933 ከጣሊያን ጋር የተዋጉት አያቶቻችን ጥይት ብርቅ ሆኖባቸው ነበር፤ ዳስ ላይ ሲዘራ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ። ፉከራና ቀረርቶ በጉሮሮ ነው የሚያምረው።

ደጋሽ ከሆናችሁ አንድ የማይጠጡ፣ የሚከበሩ ሰው መድቡ። እንግዳው ዳስ ሳይገባ መሣሪያውን ደጅ ላይ ባዶ አድርጎ ያስረክብ፤ በአንድ ክፍል ይቆለፍ፤ ሲሄድ ይውሰድ። ጠላና አረቄ የቀመሰ ሰው መሣሪያ አይነካም፣ ለመወልወልም ቢሆን። የሰከረ ሰው ልሂድ ሲል መሣሪያው ያድራል።

ቤት ውስጥ ጠብ ከከረመ፣ ወይም ሐዘን የከበደው፣ “መኖር ሰለቸኝ” የሚል ሰው ካለ፣ በዚያው ቀን ቁልፉንና መዝጊያውን ከቤት አውጡ። የንስሐ አባት ወይም የታመነ ዘመድ ጋ ይቀመጥ። ጥይቱም ይውጣ። ያን ሰው ደግሞ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከድንበርም ሆነ ከደም ጋር የተያያዘ ነገር ከሆነ ሽማግሌ እስኪገባበት ድረስ ብረቱ ተቆልፎ ይቆይ።

ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር የእጅ ቦምብ፣ ያልፈነዳ ነገር ወይም የማታውቁት ብረት ካገኛችሁ አትንኩት፣ በእግርም አትግፉት፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ለቁራሌው ይሸጣል ብሎ የሚቀጠቅጥ ልጅ አይጠፋም።

ወረቀቱ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የተሰጠው ለባለቤቱ ነው፤ ለሠርግ ማድመቂያ ለጓደኛ የሚዋስ ነገር አይደለም። ዝርዝሩንና የእድሳቱን ጊዜ ከወረዳችሁ ፖሊስ ጠይቁ። አባት ሞቶ ጠመንጃ ከቀረም ወራሾች “የማን ይሁን” እያሉ ሲከራከሩ ቆጥ ላይ አይክረም። ቶሎ ባዶ አድርጋችሁ ቆልፉና ሄዳችሁ አስታውቁ።

ከተሰረቀ ወይም ከጠፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስ አመልክቱ። ፖሊስ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የመሣሪያውን ቁጥር ነው። ዛሬ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጻፉት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ወረቀቱን ግን ከጠመንጃው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታኑሩት፤ ሳጥኑን የወሰደ ሌባ ቁጥሩንም ይዞባችሁ ይሄዳል።